የሦስት ልጆች ዚንክ

ኦክሬ እግሯ መድማቱን የሰማችው ከሰው አፍ ነው። ከባሕር ወጥታ፣ ጠላቂዎች በሚሞቁበት የድንጋይ አጥር ውስጥ ከሚነደው እሳት ዳር ተቀምጣ የጎማ ልብሷን ስትገፍ ጓደኛዋ ጆንሴንግ ጮኸች።

«እትዬ! ምን ረግጠሽ ነው? እግርሽ እንደ ታረደ ዶሮ እየደማ እኮ ነው!»

ኦክሬ ጎንበስ ብላ አየች። ተረከዟ ተሰንጥቋል፤ ደሙ አመዱ ላይ ይንጠባጠባል። የጎረቤት እግር የምታይ ነው የመሰላት።

«ቀዝቅዞኝ ነው» አለች። «አንቺ ደግሞ ጠብታ ደም ባየሽ ቁጥር መንደር ትጠሪያለሽ።»

ጆንሴንግ ዓይኗን ከተረከዙ ላይ አላነሳችም። ሁለቱ ጥንድ ናቸው። በዚያ ደሴት ማንም ሴት ብቻዋን ባሕር አትጠልቅም። አንዷ ስትወርድ ሌላዋ ከላይ ሆና ጓደኛዋ ብቅ ስትል የምታሰማውን የትንፋሽ ፉጨት ትጠብቃለች፤ ፉጨቱ ከዘገየ ተከትላ ትወርዳለች። እግሯ የማይሰማት ሴት ድንጋይ መሃል ብትያዝ እንግዲህ ይዛ የምትሞተው ሌላ ሰው ጭምር ነው። ኦክሬ ይህን ለስንት ልጃገረድ ስትሰብክ ኖራ፣ በራሷ ሲመጣ ጠፋባት።

ፊደል አልቆጠረችም። ባሏ ሰነፍ ነበር፣ ቀድሟት ሞተ፤ ስለ እሱ ይህ ይበቃል። ሦስት ልጆቿን ከባሕር በለቀመችው የባሕር ጃርትና ቀንድ አውጣ አስተምራ ሴውል ሰዳለች። የቀራት ምኞት የአሮጊቶች ባሕር ነው። ከመንደሩ ፊት ለፊት ያለው፣ ጥልቀት የሌለው፣ ወጣቶቹ እጃቸውን የማያስገቡበት፣ ትንፋሽ ላጠራቸው አሮጊቶች ተብሎ የተተወው ውሃ። እናቷ እዚያ ስትጠልቅ አርጅታ ነው የሞተችው። ኦክሬስ የት ታርጅ? ቤት ተጎልታ ከግድግዳ ጋር ልትፋጠጥ?

የእግሯ ነገር የመጣው ከመደርደሪያው ነው። በመንደሩ የእያንዳንዷ እናት ቤት በሩ ፊት ለፊት መደርደሪያ አለ። ልጆች በየበዓሉ የሚያመጡት ቫይታሚን እዚያ ይደረደራል። እንግዳ ሲገባ ዓይኑ ከሰላምታው ቀድሞ እዚያ ያርፋል። መደርደሪያዋ ባዶ የሆነባት ሴት ልጆቿ ረስተዋታል ተብሎ ይታማል። ያልተከፈተ ጠርሙስ ደግሞ ይብሳል፤ ልጅ ያቀረበውን ምሳ ሳይቀምሱ እንደ መድፋት ነው።

አንድ ክረምት ኦክሬን ኃይለኛ ጉንፋን ጥሏት ሲለቃት የአፏን ጣዕም ይዞባት ሄደ። በበርበሬ የተብላላው የጎመን ኪምቺ ሣር ሣር አላት። ትልቋ ልጇ ይህን ሰምታ፣ «እማ፣ ዚንክ አንሶሽ ነው» ብላ የዚንክ ክኒን ላከች። ወንዱ እህቱ መላኳን ሲሰማ እሱም ላከ። ትንሿ ከማን አንሳ፣ ለአሮጊት ሴቶች የተቀመመ የሚባል ሌላ ጠርሙስ ይዛ መጣች። ኦክሬ ሦስቱንም ዋጠች። ከሦስት ልጆች አንዱን ልትበድል ነው?

ጣዕሙ ትንሽ ተመለሰ። ቆይቶ ግን እግሯ ጉንዳን የወረረው ያህል ይነዝራት ጀመር፤ ጉልበቷም ከዳት። ባዶ መረብ ይዛ የወጣች ጠላቂ መላዋ አንድ ነው፤ ጠለቅ ብላ መውረድ። ኦክሬም የሚጎድላት ነገር ገና አልሞላም ብላ ዚንኩን እጥፍ አደረገችው። ጉንዳኑ ሲበዛ ጨመረችበት። የመንደሩ ጤና ጣቢያ ደምሽ አንሷል ብሎ ብረት ሰጣት፤ እሱንም ከላይ ደረበችበት። ደሟም አልተመለሰ፣ ጉንዳኑም አልወጣ።

ተረከዟ ከደማ በኋላ ጆንሴንግ፣ «ሐኪም ጋ ካልሄድሽ ለጠላቂዎቹ አለቃ ነው የምናገረው» አለቻት። ከተማ ያለችው ሐኪም ልጅ እግር ናት። የምትወስጂውን ሁሉ አምጪ ስላለቻት ኦክሬ ጠርሙሶቹን በባሕር መረቧ ጠቅልላ ከጆንሴንግ ጋር ሄደችና ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈቻቸው።

«አያቴ፣ ይህ ሁሉ የእርስዎ ነው?»

«የአህያዬ መሰለሽ?»

ሐኪሟ ጠርሙሶቹን እያዞረች አነበበች። «ይሄም ዚንክ። ይሄም ዚንክ። እዚህ ድብልቁ ውስጥም አለ። በቀን ስንት ይውጣሉ?»

«እንደ ጉንዳኑ ብዛት።»

ጆንሴንግ ሳቋን ለማፈን በእጇ አፏን ያዘች። ሐኪሟ ግን አልሳቀችም።

«አያቴ፣ የጎደለ መስሎዎት የጨመሩት ነው ሌላውን ያባረረው። ዚንክ ሲበዛ አንጀት መዳብ እንዳያሳልፍ ያደርጋል። መዳብ ከጠፋ ደም ያንሳል፣ ነርቭም ይጎዳል። ብረቱ ያልሠራልዎት ለዚህ ነው።»

«መዳብ? ይሄ ድስት የሚሠሩበት?»

«እሱው። ቀንድ አውጣ ውስጥ፣ ኦክቶፐስ ውስጥ ሞልቷል። እርስዎ ጠላቂ አይደሉ እንዴ? አይበሉም?»

«እኔ በልቼው ቢሆን ልጆቼ ምን ሊማሩበት?» አለች ኦክሬ። «የኔ ሩዝና ጎመን ነው። አሁን እሱን ተይውና፣ እግሬ ይመለሳል?»

ሐኪሟ ዓይኗን ወደ ጠርሙሶቹ መለሰች። «ደምዎ ይመለሳል። እግሩን… እንጠብቅ።»

«እኛ ዘንድ ከባሕር በታች እንጠብቅ ያለ ሬሳ ሆኖ ነው የሚወጣው» አለቻትና መረቧን አነሳች።

አውቶቡስ ውስጥ ጆንሴንግ፣ «ለልጆቹ ንገሪያቸው» አለች።

«የማንኛቸው ዚንክ ነው ልበላቸው? ሦስቱም ያለቅሳሉ፣ ከዚያ ሦስቱም እርስ በርስ ይካሰሳሉ። ይሄን ዓይቼ አልሞትም።»

ዚንኩን ተወች፤ የታዘዘላትን መዳብ ዋጠች። ደሟ እውነትም ተመለሰ። ሽቅቡን ስትወጣ ማለክለክ ተወች፤ ፊቷ ሰው መሰለ።

«ጉንጭሽ ቀላ እኮ እትዬ፣ ባል እንፈልግልሽ?» አለች ጆንሴንግ።

«የፊተኛውን ቀብሬ ገና ማረፌ ነው።»

ሳቁ። ኦክሬ በዚያ ሰሞን ተስፋ አደረገች። ሌሊት አልጋዋ ላይ ሆና ጣቶቿን ለማንቀሳቀስ ትሞክራለች፤ ተንቀሳቅሰው እንደሆነ የምታውቀው ግን መብራት አብርታ ስታያቸው ነው።

ባሕሩ ረጋ ባለበት አንድ ጠዋት ጆንሴንግን ለመነቻት። ኦክሬ ሰው ለምና አታውቅም። «የአሮጊቶቹን ባሕር ብቻ። አንዴ።»

ገቡ። ኦክሬ የመጥለቂያ መነጽሯን እንዳይደበዝዝ በአሪቲ ቅጠል ወለወለች፣ ወደ ታች የሚያወርዳትን የእርሳስ ቀበቶ ወገቧ ላይ አሰረች፣ ወረደች። ውሃው እንደ ድሮው ተቀበላት። እጇ ድንጋዩን ያውቀዋል። አንድ ቀንድ አውጣ አገኘች፣ ሁለተኛም አገኘች፤ ደረቷ ደስ አለው። ትንፋሿ ሲያልቅ ወደ ላይ ቀና ብላ መቅዘፍ ጀመረች። ቀዘፈች፣ ቀዘፈች። መረቧ የተንጠለጠለበት፣ ከላይ ያለው ብርቱካንማ ተንሳፋፊዋ ግን አልቀረበም። የሚቀዝፍ የመሰላት እግሯ ከሁለት ድንጋይ መካከል ተሰንቅሮ ቆሞ ነበር። እሷ ይህን አላወቀችም። ያወቀችው የጆንሴንግ እጅ ቁርጭምጭሚቷ ላይ ሲታገል ቁልቁል ስታይ ነው።

ዳር ላይ ሁለቱም ውሃ ተፉ። ጆንሴንግ ከንፈሯ ሰማያዊ ሆኗል።

«ተይዘሽ ነበር።»

«አውቃለሁ።»

«የት ታውቂያለሽ! ሰማይ ሰማይ ታዪ ነበር! እኔም ትንፋሼ ሊያልቅ ነበር እኮ፣ እትዬ።» እንባዋ ፊቷ ላይ ካለው የባሕር ውሃ ጋር ተቀላቀለ። «ካንቺ ጋር ከእንግዲህ አልገባም። ሌላዋም እንዳትገባ እናገራለሁ።»

ኦክሬም በጆንሴንግ ቦታ ብትሆን ይህንኑ ነበር የምትለው። የእርሳስ ቀበቶዋን ፈታ ጆንሴንግ ጭን ላይ አስቀመጠችው።

በመኸር በዓል ዋዜማ ትልቋ ልጇ ደወለች። «እማ፣ ለነርቭ የሚሆን አዲስ ነገር ወጥቷል፣ ልኬልሻለሁ። እግርሽ እንዴት ነው?»

«ደህና ነው።»

«ትውጫለሽ አይደል?»

«እውጣለሁ።»

ካርቶኑን መደርደሪያው ላይ አኖረችው፤ አልከፈተችውም።

አሁን ጠላቂዎቹ ባሕር ሲወርዱ ኦክሬ በድንጋዩ አጥር ውስጥ እሳት ትጠብቅላቸዋለች። ፉጨታቸውን ከሩቅ ትሰማለች፤ የማን የማን እንደሆነ ትለያለች። ጆንሴንግ አሁን ከአንዲት ወጣት ጋር ነው የምትጠልቀው፤ ፉጨቷ አጥሯል፣ እሷም አርጅታለች። ኦክሬ ያንን ፉጨት ስታዳምጥ አንገቷን ወደ ባሕሩ ትመልሳለች፣ ሌላውን ትረሳዋለች።

«እትዬ! እግርሽን ሰብስቢ!»

ጆንሴንግ ውሃ እያንጠባጠበች ከአጥሩ በር ቆማ ትጮሃለች። ኦክሬ ጎንበስ ብላ አየች። የሱፍ ካልሲዋ ጫፍ ፍሙ ላይ ገብቶ ይጨሳል።

እግሯን ሰበሰበችው፤ ሰብስቢ ስለተባለች።