ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ወንበሮች

ሹሙ ሰው አይወድም፤ የሰው ስልክ ቁጥር ግን ነፍሱ ነው።

በአንድ ትልቅ መሥሪያ ቤት የመዝገብ ቤት ኃላፊ ሆኖ ሃያ ስድስት ዓመት ሠርቷል። "ሹሙ" የሚለውን ስም ያወጡለት ባልደረቦቹ ናቸው። ሊያሾፉበት ነበር ያወጡለት፣ እሱ ግን እንደ ማዕረግ ተቀብሎ ኮራበት። ቤቱ ውስጥ፣ ሳሎኑ ጥግ ካለው ጠረጴዛ ላይ፣ ቁልፍ ያለው የእንጨት ሳጥን አለው። በውስጡ ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ካርዶች በየቀለማቸው ተደርድረው ቆመዋል። አረንጓዴው ለሕክምና፣ ቢጫው ለቢሮ ጉዳይ፣ ሰማያዊው ለመብራትና ለውሃ፣ ነጩ ደግሞ ለልዩ ልዩ ነው። ወዳጆቼ የሚላቸው እነዚህን ነው።

ካርዱ ላይ የሰው ስም አይጻፍም። "ሰው ያልፋል፣ ወንበር ይቀራል" ይላል ጢሙን እየዳበሰ። መዝገብ ቤት ውስጥ ፋይል የሚከፈተው በሥራ መደቡ ነው፤ ወንበሩ ላይ የተቀመጠው ማንም ይሁን ማን ለውጥ የለውም። ስለዚህ "የሆስፒታል ምክትል ሥራ አስኪያጅ"፣ "የውሃ ክፍል ኃላፊ" ብሎ ይጽፍና የጠረጴዛውን ስልክ ያሰፍራል። የእጅ ስልክ ቁጥር ሲሰጡት ፊቱ ይኮሳተራል። የእጅ ስልክ የሰውየው ነው፣ ሰውየው ነገ ቢሻር ቁጥሩ ምን ይረባል? ከታች "ምን ይሠራልኛል" የምትል አንዲት መስመር አለች። ሰውየው ከወንበሩ ሲወርድ ካርዱ ባለበት ይቆያል፣ የሚወጣው ሰውየው ነው። ትናንት "ወንድሜ" እያለ ያቀፈውን ሰው ጡረታ በወጣ ማግስት መንገድ ላይ ሲያገኘው፣ ዓይኑን ሱቅ መስኮት ላይ ተክሎ ያልፋል። ዓይኑን በጨው ያጠበ ሰው ማለት እሱ ነው።

ሚስቱ ደግሞ ደብተር አላት። አግብታ ሩቅ የሄደች ልጃቸው ትታው የሄደችው፣ ግማሹ በሒሳብ ልምምድ የተሞላ የተማሪ ደብተር ነው። ስልኮቹ አንዳንዱ ከላይ ወደ ታች፣ አንዳንዱ በሰያፍ፣ አንዳንዱ በማካፈል ልምምዱ መሐል ተጽፏል። "ቢላ የሚስለው፣ ጠዋት ጠዋት የሚስቀው" ይላል አንዱ። "ፍንጭቷ፣ የእናቷን ጤና ጠይቂ" ይላል ሌላው። "ልብስ ሰፊው፣ ሁለት ጊዜ ደውዪ፣ ጆሮው ይከብደዋል።"

"ይሄ ደብተር ነው የአይጥ ጎጆ?" ይላታል ሹሙ ባየው ቁጥር። "ቢላ የሚስል ሰው ስልክ ምን ያደርግልሻል? ደግሞ ሳቁን መዝግበሻል!"

"ሲስቅ ደስ ይለኛል።"

"ደስ ይላል ብሎ መዝገብ የለም።"

"ያንተም ሳጥን ላም አለኝ በሰማይ ነው፣ ወተቷን አላየንም" ትለዋለች ሥራዋን ሳታቋርጥ።

"ጊዜው ሲደርስ ታያለሽ።"

ጊዜው አምና አንዴ ብቅ ብሎ ነበር። ደረጃ ላይ አዳልጧት እጇ ተሰበረና ደወለችለት። የእጅ ስልኩን በሥራ ሰዓት ስለሚዘጋ የደወለችው በቢሮው ነበር። ያን ቀን አሮጌ ፋይሎች የሚወገዱበት ቀን ስለነበረ ጸሐፊዋን "ስብሰባ ላይ ነው በያት" አላት። ቀጥላ የደወለችለት ቢላ የሚስለው ሰውዬ መሞረጃውን ልብስ ሰፊው ደጃፍ ላይ ጥሎ መጣና ደግፎ ሐኪም ቤት አደረሳት። ሹሙ ማምሻውን ጄሶውን ሲያይ የጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነው።

"ሰው ጠፍቶ ነው ቢላ ከሚስል ሰው ጋር የታየሽው?"

መልስ አልሰጠችውም። ሚስት ስትጮህ አያስፈራም፣ ዝም ስትል ነው መፍራት። እሱ ግን ዝምታዋን እንደ መስማማት ቆጥሮ ፋይሉን ዘጋ።

ዘንድሮ ለወራት ስትደብቀው የኖረችው የማህፀን ዕጢ አንድ ጠዋት አልጋ ላይ ጣላት። ደሟ አልቆም አለ። ሐኪሟ፣ ልጃቸውን የምታህል ወጣት ሴት፣ ሹሙን ኮሪደር ላይ አቁማ እቅጩን ነገረችው።

"ዛሬ ስምንት ሰዓት ላይ ቀዶ ሕክምና ትገባለች። ደሟ በጣም ወርዷል። ሦስት ሰው ደም ይስጥላት፣ ዓይነቱ ምንም ይሁን፣ የደም ባንኩ ይለውጥልናል። ካልተገኘ ልነካት አልችልም። ካልነካኋት ደግሞ ነገን አታይም።"

"ሦስት ብቻ?" አለ ሹሙ። ፈገግ አለ፣ እግዜር ይይለት። ሳጥኑን በብብቱ ይዞ ነበር የመጣው።

"ደብተሬ ቦርሳዬ ውስጥ ነው" አለች ሚስቱ ከተሽከርካሪው አልጋ ላይ፣ ድምጿ እየሳሳ።

"አንቺ ዕረፊ። ይሄ የአሠራር ጉዳይ ነው።"

ኮሪደሩ ውስጥ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጠ፣ ሳጥኑን ጭኑ ላይ ከፈተ፣ መነጽሩን ወለወለ። ሦስት ሰዓት ሆኗል። ከአረንጓዴው ጀመረ።

"ጤና ይስጥልኝ ወንድሜ! እንዴት ሰነበትክ?"

"ማን ልበል?" አለች የማያውቃት ሴት። የሚፈልገውን ሲነግራት፣ "ምክትል ሥራ አስኪያጁ እኮ ካረፉ ዓመት ከመንፈቅ ሆናቸው፤ አልሰሙም?" አለችው።

"ነፍስ ይማር። እንግዲያው በቦታቸው የተተኩት እርስዎ ከሆኑ..."

ስልኩ ተዘጋ።

የውሃ ክፍል ኃላፊው ወንበር ላይ ያለው ሰው ገና "ችግር" የሚለውን ቃል ሲሰማ "ቧንቧ ፈነዳ?" አለ። ደም ነው ሲለው፣ "ጌታዬ፣ ይሄ እኮ የውሃ ክፍል ነው" ብሎ በትሕትና ዘጋበት። ሦስተኛው ግን አወቀው። ድምፁን እንደሰማ አወቀው።

"አንተ ነህ! ባለፈው ለልጄ አንዲት ማስረጃ ብለምንህ 'ፋይሉ አልተገኘም' ያልከኝ አንተ አይደለህ? እንግዲያው የእኔም ደም አልተገኘም።"

"ውለታ ቢስ!" አለ ሹሙ ለተዘጋው ስልክ። ምን ውለታ እንደዋለለት ግን እሱም አያስታውስም። በየካርዱ ጥግ ላይ በእርሳስ ምልክት እያደረገ ቀጠለ። አንዱ ስብሰባ ላይ ነው፣ አንዱ ተዛውሯል፣ አንዱ ወንበር ጭራሽ ከመዋቅሩ ተሰርዟል። በቁጥሩ ሲደወል አሁን የሚያነሳው የጽዳት ዕቃ ግምጃ ቤት ነው። ስድስት ሰዓት ሲሆን አርባ አንድ ካርድ ላይ ምልክት አድርጎ ነበር። ከአርባ አንድ ወንበር አንዲት ጠብታ አልወጣም።

ነርሷ ስታልፍ ቆም አለች። "ስንት ሰው አገኙ?"

"ሂደት ላይ ነው።"

"ሂደት በደም ከረጢት አይገባም፣ ጋሼ" ብላው ሄደች።

ያኔ ነው እጁ ወደ ሚስቱ ቦርሳ የገባው፤ ያውም ማንም እንዳያየው ግራ ቀኙን ቃኝቶ። ደብተሩን ገለጠው። ተራ የለው፣ ፊደል የለው፣ ቀለም የለው! ሃያ ስድስት ዓመት መዝገብ ያገላበጠ ጣት አንዲት ስልክ ለማግኘት ላብ አላበው። መጨረሻ ላይ ሰባት ሲባዛ በስምንት ሥር ቢላ የሚስለውን አገኘ።

የመሞረጃው ፉጨት በስልኩ ውስጥ ገባ። "እትዬ!" አለ ሰውየው እየሳቀ።

"አይደለችም። ባለቤቷ ነኝ።"

ፉጨቱ ቆመ። ሳቁም ቆመ። ሹሙ ነገሩን አስረዳው።

"መጣሁ" አለና ሰውየው ዘጋው። ወዲያው መልሶ ደወለ። "የት ነው ግን?"

ሹሙ ልብስ ሰፊው ጋ ሁለት ጊዜ ደወለ። ፍንጭቷ ጋም ደወለ። የእናቷን ጤና ግን አልጠየቀም።

ሰባት ሰዓት ሳይሞላ ሦስቱም ኮሪደሩ ላይ ነበሩ። ቢላ የሚስለው እጁ የብረት ብናኝ እንደለበሰ ነው፣ ልብስ ሰፊው ሜትሩን ከአንገቱ ሳያወርድ፣ ፍንጭቷ እያለከለከች። ለሹሙ የእግዜር ሰላምታ ሰጡት፣ ከዚያ በላይ የሚሉት አልነበራቸውም። ስለ እሷ ግን እርስ በርሳቸው ሲጠያየቁ አላባሩም። እሱም ከላይ እስከ ታች አያቸው። ይሄ ሁሉ ዓመት ደብተሩን የሞሉት እነዚህ ናቸው? አንዱንም ካርድ ላይ አያሰፍረውም ነበር።

ቢላ የሚስለው ሰጠ። ፍንጭቷ ሰጠች። ልብስ ሰፊው ግን ስድሳ ስምንት ዓመቱ ሆኖ ተገኘና ነርሷ መለሰችው። "ግዴለም፣ ትንሽ እንኳ ውሰጂ" እያለ ሲለማመጣት ዓይኑ እንባ አቀረረ። ሰባት ተኩል ሆነ። አንድ ሰው ጎደለ። ሹሙ አርባ ሁለተኛውን ካርድ ለመምዘዝ ሳጥኑን ከፈተ።

"እርስዎ ምኗ ነዎት?" አለችው ነርሷ።

"ባለቤቷ።"

"ታዲያ እርስዎስ?"

ሹሙ ከኋላው ሰው የቆመ መሰለውና ዞር ብሎ አየ። ማንም የለም። ከጠዋት ጀምሮ የሰው ደም ሲለምን የራሱ ሰውነት ውስጥም ደም እንዳለ አንዴ እንኳ ትዝ አላለውም። ከሁለት መቶ አሥራ ሁለቱ ካርድ በአንዱም ላይ እሱ የለማ!

"እኔ... ደም ግፊት አለብኝ።"

"ይለካ።"

ተለካ። "የጎረምሳ ነው" አለች ነርሷ መሣሪያውን እየጠቀለለች። ጠዋት ጠዋት የሚስቀው ሰውዬ እንኳ አልሳቀም። ሹሙ መውጫ ሲያጣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ መርፌው ገና ሳይነካው እያቃሰተ፣ ሰጠ።

ሴትየዋ ዳነች። በማግስቱ ጠዋት ሹሙ ጥጥ የተለጠፈበትን ክንዱን ሰው እንዲያየው እጅጌውን ሰብስቦ መጣ። ሌሊቱን ንግግር ሲያዘጋጅ ነበር ያደረው፤ "ከደሜ ከፍዬ አዳንኩሽ" በሚል የሚጀምር። ሁለቱ ሌሎች ሰዎች በንግግሩ ውስጥ አልነበሩም።

ተኝታለች መሰለው። መዝገብ አይቶ ማለፍ አይሆንለትምና የሕክምና ፋይሏን ከአልጋው ግርጌ አነሳ። የመጀመሪያው ገጽ በራሷ እጅ ጽሑፍ የተሞላ ነው። "በአስቸኳይ ጊዜ የሚጠራ ሰው" ከሚለው ፊት ለፊት አንድ የማያውቀው የወንድ ስም ከነአባቱ፣ ከነአያቱ ሰፍሯል። ዝምድና፦ ወዳጅ። ሥራ፦ ቢላ መሳል። ሰውየው ስም እንዳለው ሹሙ ያወቀው ገና አሁን ነው።

"ይሄ ምንድን ነው?" አለ ፋይሉን እያወዛወዘ። "ባል የለሽም እንዴ?"

ዓይኗን ገለጠች። ክንዱ ላይ ያለውን ጥጥ አየችው፣ ከዚያ ፊቱን።

"ሲደወልለት የሚያነሳ ሰው ጻፊ አሉኝ" አለችው። "ያንተ ስልክ የወንበርህ ነው።"

ሹሙ ብዕሩን ከደረት ኪሱ አወጣ። ስህተት ካለው ሊያርመው ቅጹን ከላይ እስከ ታች ሁለት ጊዜ አነበበ። ስርዝ ድልዝ የለውም፤ ሁሉም በየቦታው ተሞልቷል። ብዕሩን መልሶ ኪሱ ከተተ።