ጥቁር የሌለበት መንጋ

ወዳጆ ጥቁር በጎቹን በየተራ ሞላሌ ገበያ እያወረደ በነጭ ሲለውጥ፣ ክረምቱን ሙሉ አገር ሳቀበት። ሁለት ጥቁር ሰጥቶ አንድ ነጭ እየነዳ ሲመለስ ጎረቤቱ ጌጡ አጥሩን ተደግፎ ይጠብቀዋል።

«ምነው ወዳጆ፣ በጎችህን ሁሉ ደብተራ አደረግሃቸው? ማኅሌት ልታቆማቸው ነው?»

«ሳቅ፣ ሳቅ። መስቀል ሲያልፍ እንተያያለን።»

ወዳጆ ያለ ምክንያት የሚሠራ ሰው አልነበረም። ገብሱን ሁለት ዓመት በተከታታይ ውርጭ በልቶበታል። ዘንድሮ ዘር መግዣ ካላገኘ እንደ ብዙው ሰው ቤቱን ዘግቶ፣ የአባቱን መሬት ጥሎ ወደ ቆላ መውረዱ ነው። በዚህ መሐል ደብረ ብርሃን ላይ የብርድ ልብስ ፋብሪካ ሊከፈት ነው ተባለ። አፈወርቅ የሚባል ጠጉር ገዢ ሞላሌ ድረስ መጥቶ ገበያተኛውን ሰብስቦ ተናገረ።

«ነጭ ጠጉር ያለው እጥፍ ይሸጣል። ነጭ ያገኘውን ቀለም ይቀበላል። ጥቁሩ ለምትለብሱት ባናና በርኖስ ይሁናችሁ፤ ፋብሪካ አይገባም።»

ወዳጆ የሰማውን አውጥቶ አውርዶ፣ ከሌላው መንገድ ሁሉ ይኸኛው እንደሚሻል ቆረጠ። የመጨረሻዎቹን ሁለት ጥቁር በጎች ሲነዳ አባ ወልደ ጻድቅ መንገድ ላይ አገኙት።

«ልጄ፣ አንዲት እንኳ አታስቀርም?»

«ለምን አባ?»

«አባቶቻችን ጥቁር የሌለበት መንጋ አያሰማሩም ነበር።»

«ምክንያቱስ?»

«እሱን ሳይነግሩን ሞቱ» አሉና ባርከውት አለፉ። ወዳጆ ምክንያቱ ያልታወቀን ነገር ከቁም ነገር አልቆጠረውም።

ምክንያቱን ያገኘው በመስቀል ማግስት ነው። ቀትር አልፎ በጎቹ ከገደሉ አፋፍ መለስ ብሎ ባለው መስክ ሲግጡ ጉም ከቆላ ተነሣ። ጉም ለመንዝ ሰው ብርቅ አይደለም። ወዳጆ ዕድሜውን ሙሉ ጉም ሲመጣ ዓይኑን ጥቁሮቹ ላይ ይጥላል፤ ጥቁሮቹ ካሉ የቀሩትም አሉ። አሁን ግን ጉሙ ሲደርስባቸው በጎቹ ጠፉ። አልሸሹም፣ አልደነበሩም፤ በቆሙበት ጠፉ። ለጆሮው ግን አሉ። ሳር ሲነጩ ይሰማል፤ አሮጊቷ በግ እንደ ልማዷ ትስላለች። ወደ ድምፁ ተራመደ፤ ድምፁ በዚያው ልክ ራቀ። ቆመ፤ ድምፁም ቆመ።

«ጌታነሽ!» ሲል ወደ ቤቱ ተጣራ።

የሚስቱ ድምፅ ከጉሙ ውስጥ መለሰ። «አንተ ሰውዬ፣ እዚያ ምን ትጠብቃለህ? በጎቹ እኮ ገብተዋል!»

«የት ገቡ? እዚህ ይግጣሉ!»

«ጋጣ ውስጥ ናቸው እልሃለሁ! በሩን በእጄ ነው የዘጋሁት። ና፣ ብርዱ አደንዝዞሃል!»

ወዳጆ ሲያመነታ ቆየ። ከዚያ የመስኩን የድንጋይ ካብ እየዳበሰ ቤቱ ደረሰ።

ጌታነሽ እውነቷን ነበር። ጋጣው በበግ ሞልቷል። አንዱ ካንዱ ተጣብቀው፣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ቆመዋል። ጠጉራቸው መሬት ይነካል።

«ለካ ጉም ጠጉር ያሳድጋል!» አለች ጌታነሽ ደስ ብሏት።

ወዳጆ ያዳምጥ ነበር። በግ ጋጣ ሲገባ ያመሰኳል፣ ያስነጥሳል፣ ይጋፋል። እዚህ የሚሰማው የሱና የሚስቱ ትንፋሽ ብቻ ነው። ጠጋ ብሎ አሸተተ። የበግ ሽታ የላቸውም፤ እርጥብ ድንጋይ ድንጋይ ይሸታሉ።

«እነዚህ የኛ አይደሉም» አለ።

«የማን ሊሆኑ ነው? ያገሩን ነጭ በግ ሁሉ የለወጥከው አንተ!»

«የኛዎቹ ውጪ ናቸው። እስቲ ስሚ።»

ሰማች። አሮጊቷ በግ በሩቁ ትስል ነበር። የጌታነሽ ፊት አመድ መሰለ። ቢሆንም መቀሱን ከተሰቀለበት አውርዳ ባሏ እጅ ላይ አኖረችው።

«ገዢው ቅዳሜ ይመጣል» አለች። «የውጪውን ጉሙ ሲገለጥ ትፈልገዋለህ። እጅህ የገባውን ሸልት።»

ወዳጆ አንዱን ይዞ አጋደመ። በጉ አልታገለም፤ ክብደቱ እንደ ገለባ ነው። መቀሱን በትከሻው በኩል አስገባ፤ ጠጉሩ ያለ ድምፅ ወደቀ። ከሥሩ ቆዳ ይመጣል ብሎ ሲጠብቅ ጠጉር መጣ። ደግሞ ቆረጠ፤ አሁንም ጠጉር። እጁን እስከ ክርኑ ከቶ የጎድን አጥንት ፈለገ፣ ሙቀት ፈለገ። ጣቶቹ ብርድ ብቻ ጨበጡ።

«ሥጋ የለውም፣ ጌታነሽ።»

ጌታነሽ የአንድ ጆንያ አፍ ከፍታ ይዛ ነበር። ጆንያውን አልለቀቀችም።

«ፋብሪካው ሥጋ አልጠየቀም» አለች። «ቁረጥ።»

የአሮጊቷ ሳል እንደገና ተሰማ፤ አሁን ከአፋፉ ነው የመጣው። ወዳጆ ብድግ አለ። አሁን ቢሮጥ ምናልባት ይደርስባቸዋል፤ ምናልባትም ከነሱ ጋር ገደል ይገባል። ባዶውን ጎተራ አሰበ። ቤታቸውን ዘግተው ቆላ የወረዱትን ሰዎች አሰበ። ጠጠር ወደ ገደሉ ሲንከባለል ሰማ፤ ተከትሎም ሌላ ጠጠር። ሲያርፉ ግን አልተሰማም።

ተመልሶ ተንበረከከ።

አንዱ ጆንያ ሲሞላ ጌታነሽ ሌላ ዘረጋች፤ እሱም ሲሞላ ሌላ። የዚያን አፍ ሲሰፉ ከውጪ የሚስል አልነበረም። ወዳጆ ገና የመጀመሪያው በግ ላይ ነበር።