ከርቲስ የሰረጎደው በር

ኃይለልዑል ሸራውን ከመኪናዋ ላይ ገፈፈና እንደ ልማዱ መጀመሪያ ወደ ቀኙ በር ሄደ። ስርጉዱ ቦታው ላይ አለ። በመዳፉ ዳበሰው፤ ልክ ይመስላል። በመስኮቱ ጎንበስ ብሎ ወደ ውስጥ ሲያይ ግን የሹፌሩ ወንበር ዙሪያ ባዶ ሆነበት። የመኪናዋ ባለቤት ሚስተር ኦወን በወጣትነታቸው ከውሃ ቧንቧ ቆርጠው፣ መኪናዋ ብትገለበጥ ጭንቅላታቸውን እንዲያድን የበየዱት ብረት የለም። ከጦር አውሮፕላን የተፈታው ሰፊ ቀበቶም የለም።

"አበጀ፣" አለ ቀና ሳይል፣ "ይቺ የማን መኪና ናት?"

አበጀ ከቢሮው ብቅ ብሎ ስልኩን ኪሱ ከተተ። ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ያለውን ይህን የመኪና ገላ መጠገኛ ቦዲ ሾፕ የከፈቱት አብረው ነው። የኃይለልዑል ሚዜ አበጀ ነበር፤ የልጁን የጊዲዮንን ክርስትና ያነሳውም እሱ ነው። ኃይለልዑል ከዚህ ሰው የሚደብቀው ነገር ኖሮት አያውቅም፤ እሱም ይደብቀኛል ብሎ ጠርጥሮ አያውቅም።

"የሳቸው ናት በላት፣" አለ አበጀ። "ዓይነቱ ያው፣ ዘመኑ ያው። ቤቴ ሆኜ ቀስ ብዬ ነው ያዘጋጀኋት። ትናንት አንተ ስትቀር ቀየርኳቸው።"

"የሳቸውስ?"

"ተሸጠች። ግሬግ ነው የሸጣት፣ ልጃቸው፤ ውክልና አለው። እኔ ባየሩን፣ ገዢውን ነው ያገናኘሁት። አሁን አናንዴል ናት፣ የቤቴ ጋራዥ ውስጥ። ሰኞ የጭነት ትራክ መጥቶ ይወስዳታል።"

"በሩን ማን ሰረጎደው?"

"እኔ። ፎቶ እያየሁ፣ በአንተ መዶሻ። ለጀማሪ አይከፋም አይደል?"

ኃይለልዑል የሚናደድ መስሎት ነበር። አልተናደደም፤ ብርድ ብርድ አለው።

ሚስተር ኦወን በዘመናቸው በቨርጂኒያና በሜሪላንድ አጫጭር የአፈር መወዳደሪያ ሜዳዎች ስማቸው የተጠራ የስቶክ ካር ነጂ ነበሩ። ያኔ ስቶክ ካር ማለት ሌላ ተአምር አይደለም፤ ሰው ዳቦ ሊገዛበት የሚወጣበትን መኪና መስታወቱን አውልቆ፣ ቅዳሜ ማታ ሞላላ ሜዳ ላይ ነፍስን ሸጦ መንዳት ነው። አርጅተው፣ ዓይናቸውም ከድቷቸው፣ መኪናዋን ለማሳደስ ሲነሱ ብዙ ሾፕ ዞረው በመጨረሻ የሰጡት ለኃይለልዑል ነው። የሰጡትም ስለ በሩ ቃል ስለገባላቸው ነው።

የበሩ ነገር እንዲህ ነው። አንድ ቅዳሜ በመጨረሻው ዙር የፊት ጎማቸው ተፈንቅሎ መኪናዋ በቀኝ በኩል ሕዝብ ወደቆመበት አጥር ስትንደረደር፣ በውጭ በኩል አልፏቸው ሊያሸንፍ የነበረው ተቀናቃኛቸው ከርቲስ ፍጥነቱን ቀነሰና በመኪናው ጎን ደግፎ አቆማቸው። ዋንጫውን ሦስተኛው ሰውዬ ወሰደው። ከርቲስ በቀጣዩ በጋ ሌላ ሜዳ ላይ ሞተ። ሚስተር ኦወን በዚያ ግጭት የተሰረጎደውን በር አስጠግነውት አያውቁም። "ሌላውን ሁሉ አሳምርልኝ፣ ከርቲስን ግን እንዳትነካብኝ" ነበር ያሉት። ኃይለልዑል አዲስ አበባ ባትላሜራ ከተማረ ጀምሮ እንጀራው የተሰረጎደ ማቅናት ነው፤ አንድ ስርጉድ እንዳይጠፋ ሲጠነቀቅ ግን ይህ የመጀመሪያው ነበር።

"ለምን አልነገርከኝም?" አለ።

"እምቢ ትል ነበራ። ሰውዬው እንደሆነ አያዩም፣ በእጃቸው ነው የሚያዩት። ውስጥ ለመግባት ጉልበት የላቸውም። ዳብሰዋት ደስ ብሏቸው ይሄዳሉ፤ ማን ተጎዳ? ኃይሌ፣ የሾፑ ሊዝ እያለቀ ነው፤ የኮሚሽኑ ብር ያድስልናል እኮ። አንተ በር ስትዳብስ ስትውል ከአከራዩ ጋር የምነታረከው እኔ ነኝ።"

"የሰጡን በኔ ቃል ነው።"

"ለዚህ ነዋ ዛሬ አጠገባቸው እንድትቆም የምፈልገው።"

ኃይለልዑልን የገደለችው ይህቺ ንግግር ናት። መኪናዋን የሸጠው ልጅየው ነው፤ አበጀ የሸጠው ግን ኃይለልዑልን ነው። ያውም ለወራት፣ እየሳቀ፣ ምሳውን አብሮ እየበላ።

የግሬግ መኪና ደጅ ላይ ቆመ። ሚስተር ኦወን ከሲልቨር ስፕሪንግ ድረስ መጥተው በልጃቸው ክንድ ተደግፈው ገቡ። የተተኮሰ ሸሚዝ ለብሰዋል፤ ጫማቸው ተወልውሏል። በእንግሊዝኛ አንቱ ባይኖርም ኃይለልዑል እሳቸውን ሲያናግር ወገቡን ሰበር ያደርጋል።

"ያ በሩን ቃል የገባልኝ ልጅ አለ?" አሉ።

"አለሁ፣ ሚስተር ኦወን።"

"በሩ ጋ ውሰደኝ።"

እጃቸውን ይዞ ወሰዳቸው። ጣቶቻቸው ቆርቆሮውን እየዳሰሱ ሄደው ስርጉዱ ውስጥ ገቡና ቆሙ። ዓይናቸው እንባ አቀረረ።

"አመሰግናለሁ ሳልለው ነው እኮ የሞተው፣" አሉ። "አፍሬ ነበር። እንዴት ያድነኛል ብዬ ተናድጄበት ጭምር ነበር፤ ወጣት አልነበርኩ? ካለፈ በኋላ የቀረኝ ይቺን እየዳሰስኩ እሱን ማናገር ነው።" በሌላ እጃቸው የኃይለልዑልን ክንድ ፈልገው ጨበጡ። "ሌላ ሰው ቢሆን አላምነውም ነበር። አንተን ግን አመንኩህ።"

ግሬግ አቀርቅሮ ወለሉን ያያል። አበጀ ከወዲያ ማዶ ኃይለልዑልን በዓይኑ ጠቀሰው፤ አለቀ፣ አለፈልን ማለቱ ነው።

ዝም ማለት ቀላል ነበር። ሽማግሌው ደስ ብሏቸዋል፤ እውነቱን መንገር ያንን ደስታ ከእጃቸው መንጠቅ ነው። ኃይለልዑል ይህን ሁሉ አሰበ። ከዚያ እጃቸውን ከበሩ ላይ በቀስታ አነሳው።

"ሚስተር ኦወን፣ ይሄ ከርቲስ አይደለም።"

"ምን አልክ?"

"ይቺ መኪና የእርስዎ አይደለችም። በሩንም የሰረጎድነው እኛ ነን። የእርስዎዋ ተሸጣ አናንዴል ተደብቃለች፤ ሰኞ ትሄዳለች።"

"ዳድ፣ እኔ ላንተ ብዬ..." ብሎ ጀመረ ግሬግ። አባቱ ፊታቸውን ወደ ድምፁ አዞሩ።

"ኃይሌ፣ ተው፣" አለ አበጀ በአማርኛ፣ ፈረንጆቹ እንዳይገባቸው፣ ድምፁን አለስልሶ። "የልጅህን ክርስትና ያነሳሁ ሰው ነኝ።"

ኃይለልዑል የመለሰለት በእንግሊዝኛ ነበር፤ ሽማግሌው እንዲሰሙት።

"የቤትህን ጋራዥ ቁልፍ ስጠኝ። ሚስተር ኦወንን አናንዴል የምወስዳቸው እኔ ነኝ።"