ማቲ ከሞተ ወዲህ የቀዘቀዘው ቤት

ኖሪን ቤቱ ቀዘቀዘ ስትል የሰማት ሁሉ ስለ ሐዘኗ የምታወራ መሰለው። ባሏ ማቲ የሞተው በሰኔ ነው። ጥቅምት ሲገባ "ማቲ ከሞተ ወዲህ ይሄ ቤት ቀዝቅዟል" ማለት ጀመረች። ቄሱ ራሳቸውን ነቅንቀው በማቲ ስም ቅዳሴ ቀደሱላት። ሐኪሙ ማታ ማታ የምትውጠው ኪኒን አዘዘላት። ደብሊን ያለው ልጇ ኮልም ጊዜ ያሽረዋል ብሎ አጽናናትና፣ ትንሽ ቆይቶ ደግሞ የገና በዓል ሳይደርስ ወደ እሱ እንድትመጣ፣ ቤቱም እንዲሸጥ ቆረጠ። ከሁሉም ፍል ውሃ እየዞረበት ቤቱን የሚያሞቀውን ራዲያተር ነክቶ ያየ አንድ ሰው አልነበረም። እርግጥ እንግዳ ሲመጣ ኖሪን ሳሎን ውስጥ እሳት ታነዳለች። በርዶት የሄደ እንግዳ አለ ከሚባልባት ሞቷን ትመርጣለች።

ሴት ልጇ ዲምፕና ግን ኅዳር ላይ ሳትናገር ከምትኖርበት ከተማ ከስላይጎ ከች አለች። እናቷን ወጥ ቤት ውስጥ ካፖርት ለብሳ፣ የሻይ ኩባያዋን በሁለት እጇ አቅፋ አገኘቻት። ራዲያተሩን ስትነካው በረዶ ነው።

"እማዬ፣ ይሄ ነገር እንዲህ ከሆነ ስንት ጊዜው ነው?"

"አባትሽ ከሞተ ወዲህ። ስንቴ ልናገር?"

ዲምፕና በእናቷም፣ በወንድሟም፣ በራሷም ተናደደች፤ እሷም እኮ በስልክ ያንኑ ስትሰማ "አይዞሽ" እያለች ነው የከረመችው።

የከተማው ቧንቧ ሠራተኛ ሴነን አብሯት የተማረ ሰው ነው። መጣና ከራዲያተሮቹ አየር አወጣ፤ ፎቁ ሞቀ፣ ምድር ቤቱ እንደ በረደው ቀረ። በማግሥቱ ፓምፑ ነው አለና ፓምፑን ቀየረ፤ ፎቁ አሁንም ይሞቃል፣ ታች አሁንም ይበርዳል። ቀጥሎ ግድግዳው ላይ ያለውን የሙቀት መቆጣጠሪያ ነቅሎ በአዲስ ተካው። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነበር። በየቀኑ ሻዩን እየጠጣ፣ የኖሪንን የፖም ኬክ እየበላ፣ የአውራጃቸው የሊትሪም እግር ኳስ ቡድን እንዴት እንደተሸነፈ እያብራራ ይቆይና "በቃ፣ አሁን ደህና ነው" ብሎ ይሄዳል።

ዲምፕና የምትጠላው ቃል ቢኖር ይሄ "ደህና ነው" የሚሉት ነገር ነው። በዚያ አገር ጣሪያ ሲያፈስ ደህና ነው፣ መኪና በሦስት ጎማ ሲሄድም ደህና ነው። አባቷ ማቲ ልቡን ጨብጦ ወንበር ላይ ተጣጥፎ ሳለ ደህና ነኝ ሲል ነበር፤ አምቡላንስ ውስጥ ሲያስገቡትም ደህና ነኝ እያለ ነበር የገባው።

ኮልም ቅዳሜ መጥቶ ሊወስዳት ሆነ። የኖሪን ሻንጣ ፎቅ አልጋዋ ላይ ተከፍቶ፣ ግማሹ ሞልቷል። እናታቸው የምትወደውን ቤቷን ጥላ መሄድ የለባትም ብላ ዲምፕና በስልክ ብትሟገተው፣ "ታዲያ በብርድ ትሙት ነው የምትይው?" አላት።

ዓርብ ጠዋት ሴነን ደውሎ ሰኞ እንደሚመጣ ነገራት። ቅዳሜ ቀብር አለበት፣ ዛሬ ደግሞ አስከሬኑ ቤት ይውላልና ሊሰናበት ይሄዳል። በዚያ አገር ከቀብር የሚቀር ሰው የለም፤ እሷም ይሄን ታውቃለች፣ ግን ትዕግሥቷ አልቆ ነበር።

"ሴነን፣ ሰኞ እናቴ እዚህ ቤት የለችም። አሁኑኑ በስልክ ንገረኝ፣ እኔ አየዋለሁ።"

ሴነን ተነፈሰና እሺ አለ። ታች ያለውን መቆጣጠሪያ እስከ መጨረሻው ከፍ አድርጋ ፎቅ ወደ አንሶላው ቁም ሣጥን እንድትወጣ ነገራት። ይህ ቁም ሣጥን የፍል ውሃው በርሜል የቆመበት ነው፤ ስለሚሞቅ አንሶላና ፎጣ የሚቀመጠው እዚያ ነው። ኖሪን ጫፍ ከጫፍ ገጥማ የደረደረችው አንሶላ እስከ ላይ ሞልቶታል። ከፊት ደግሞ ለክቡር እንግዳ ተብለው ተገዝተው አንድም ፊት ያልጠረጉ ነጫጭ ፎጣዎች አሉ። ዲምፕና እነሱን በክንዷ አቅፋ ስታወጣ ከታች የእናቷ ድምፅ መጣ።

"አንሶላዬን እንዳታበላሺ! አባትሽ ያበላሸው ይበቃኛል።"

ጆሮ ዳባ ልበስ ብላ እጇን ወደ ውስጥ ሰደደች። ከኋላ ሁለት ቧንቧዎች አሉ፣ አንዱ ለፎቅ፣ አንዱ ለታች። በእያንዳንዳቸው ላይ ውሃውን የሚከፍትና የሚዘጋ ቫልቭ፣ ቫልቩ ላይ ሞተር ያለበት ትንሽ የብረት ሣጥን፣ ከጎኑ ደግሞ አጭር እጀታ አለ።

"እጀታዎቹን ነካ አድርጊያቸው" አለ ሴነን። "ሞተሩ ቫልቩን ከከፈተው እጀታው ላላ ብሎ ይወዛወዛል። ካልከፈተው ጠንክሮ ይታገልሻል።"

የፎቁ እጀታ ወዲያ ወዲህ አለ። የታችኛው ግን ታገላት።

"በኃይል ግፊውና ያዢው።"

ገፋችው፣ ያዘችው። ጥቂት ቆይቶ ከቫልቩ በታች ያለው ቧንቧ እጇ ላይ ሞቀ። ስትለቀው እጀታው ተፈናጥሮ ተመለሰ።

"በቃ ሞተሩ ነው የሞተው" አለ ሴነን፣ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ሲያውቀው እንደነበረ ሁሉ። "አዲስ እስካመጣልሽ ድረስ በሆነ ነገር ወጥረሽ ያዢው።"

ፓምፑንና መቆጣጠሪያውን ለምን እንደቀየረው ልትጠይቀው አፏን ከፍታ ነበር። ዓይኗ ግን ቧንቧው ላይ አረፈ። የእንጨት የልብስ መቆንጠጫ ተሰክቶበታል። ከሙቀት ብዛት ጠቁሯል፣ አንድ ጎኑ በብረት ተበልቶ ጎድጉዷል። ነቅላ እጀታው ሥር ስትሸጉጠው ልክክ አለ። እጀታውም በዚያው ቦታ ላይ ቀለሙ ተልጦ ያብረቀርቃል። ስልኩን ያለ ደህና ዋል ዘጋችው።

ለመጀመሪያ ጊዜ ከታች የራዲያተሮቹ ብረት ሲሞቅ የሚያሰማው ቋ ቋ ተሰማ። ኖሪን ደረጃውን እያቃሰተች ወጥታ ቁም ሣጥኑ በር ላይ ደረሰች። አንሶላው ተተራምሷል። መቆንጠጫውን ግን አየችው።

"ይሄማ የኔ ነው። አንድ ጎደለብኝ ብዬ ስንት ፈልጌዋለሁ።"

"እማዬ፣ አባዬ እዚህ ምን ያደርግ ነበር?"

"ምን አውቄ? ከኔ በፊት ተነስቶ እዚህ ይገተራል፤ ማታ ልንተኛ ስንልም ይመለሳል። አንሶላዬን ሁልጊዜ አጣሞብኝ ነው የሚሄደው። ምን ትሠራለህ ስለው 'እየሞቅኩ ነው' ይለኝ ነበር።"

ዲምፕና አስረዳቻት። ሞተሩ ከሞተ ዓመታት ሳይሆነው አልቀረም። ማቲ ሠራተኛ እንደመጥራት ደህና ነው ብሎ፣ ጠዋት እጀታውን በመቆንጠጫው ይወጥራል፤ ማታ ነዳጅ እንዳይባክን ይነቅለዋል። ሆስፒታል የሄደው ማታ ከነቀለው በኋላ ነው፤ ከዚያ ወዲህ መልሶ የሸጎጠው ሰው የለም።

የኖሪን ፊት በቁጣ ቀላ።

"ስንት ዓመት ሙሉ ስለ አንሶላ ስጨቀጭቀው። እየሞቅኩ ነው ይለኛል። የሚያሞቀው እኔን ኖሯል። ቢነግረኝ ምን ነበረበት? ይሄ ደደብ ሰውዬ ቢነግረኝ ምን ነበረበት?" አለችና ከነጫጮቹ የእንግዳ ፎጣዎች አንዱን አንስታ ፊቷን ጠረገችበት።

ቅዳሜ ጠዋት ሴነን ጥቁር ከረባቱን እንዳሰረ፣ ወደ ቀብሩ ሲያልፍ አዲሱን ሞተር ገጠመ። ኮልም ከሰዓት መጥቶ ራዲያተሩን ነካ፣ እናቱን አያት፣ ካፖርት አልለበሰችም። አንድ ጊዜ ብቻ "እርግጠኛ ነሽ?" አላት። እሷ ሻንጣውን ራሷ እያራገፈች ነበር።

እሑድ ዲምፕና ስትነሳ ቤቱ ማንም ሳይነካው ሞቋል። እናቷን በሌሊት ልብሷ አንሶላው ቁም ሣጥን ፊት ቆማ አገኘቻት። በሩ ተከፍቷል፣ አንሶላዎቹ ጫፍ ከጫፍ ገጥመው እንደተደረደሩ ናቸው።

"ምን ሆንሽ እማዬ?"

"ማንም አልነካቸውም" አለች ኖሪን።

ዲምፕና አፏ ላይ "ደህና ነው" የሚለው ቃል መጣባትና ዋጠችው። ኖሪን እጇን ሰዳ የላይኛውን አንሶላ በአንድ ጫፉ ሳብ፣ ጠመም አደረገችውና በሩን ዘጋች።