ካልሲዎቹን ማን አጣመራቸው?

የእኔ ሥራ ካልሲ ማጣመር ነው። ይኼም ሥራ ሆኖ የሚል ካለ፣ አንድ ጆንያ ጥቁር ካልሲ ላፍስስለትና ይሞክረው። በቀለም አልሄድም፣ ቀለም ያታልላል። የማየው ተረከዙን ነው፤ የአንድ ሰው ካልሲ አብሮ ያረጃል። በዚሁ ሥራ ሁለት ልጆች ለብቻዬ አሳድጌያለሁ፤ ትንሿ ገና ትምህርት ላይ ናት።

አንድ ሰኞ የምሠራበትን የልብስ ማጠቢያ ቤት ስከፍት ካልሲዎቹ ተጣምረው ጠበቁኝ። ሁሉም! ጠረጴዛው ላይ ተደርድረው፣ አንዱ በአንዱ አፍ ተጠቅልሎ፣ ልክ እኔ እንደምጠቀልለው። ጥንዳቸው የጠፋባቸውን የማጠራቅምበት ባልዲ እንኳ ባዶ ነው። ስንት ዓመት ብቻውን የኖረው ባለ መስመሩ ካልሲ ጓደኛውን አግኝቶ ጉብ ብሏል።

መጀመሪያ የጠረጠርኩት የእህቴን ባል ነው። እሱ እዚያው ሸሚዝ ተኳሽ ነው፤ ካውያው ሳይግል ወሬው የሚግል ሰው።

«አንተ፣ የሰው ሥራ ውስጥ ምን ጥልቅ አደረገህ?»

«እህትሽ ትሙት፣ እኔ አይደለሁም!»

እውነትም ቁልፉ ያለው እኔ ጋ ብቻ ነው። እሱ ጠረጴዛውን ዞሮ ካልሲዎቹን አያቸውና ፈገግ አለ።

«አየሽ እትዬ፣ ስልሽ የኖርኩት ይኼንን ነው። ፀሐይ በሰዓቷ ትወጣለች፣ ዝናብ በወቅቱ ይመጣል፣ ካልሲም ጥንዱን ያገኛል። ሥርዓት ራሱን በራሱ ይሠራል። ፈጣሪ ምናምን አያስፈልገውም።»

«ካልሲ ራሱን አያጣምርም።»

«ታዲያ ማን አጣመረው?»

«ማን አለና! እግዜር ነዋ!»

ይኼን ስል ለካ የቤቱ ባለቤት፣ ሽማግሌው፣ በሩ ላይ ቆመዋል።

«ስሚ ልጄ» አሉኝ፤ «በራሱ ከተጣመረ አንቺ አታስፈልጊኝም። እግዜር ካጣመረውም አታስፈልጊኝም። ነገም እንዲህ ሆኖ ካደረ ተሰናብተሻል።»

ያን ቀን እጄን አጣጥፌ ዋልኩ። እጅ ሥራ ሲፈታ ጭንቅላት ይሠራል። የእህቴ ባል ልክ ከሆነ አቤት የምለው የለኝም፤ ለሥርዓት አቤት አይባልም። እኔ ልክ ከሆንኩ ደግሞ እንጀራዬን የቀማኝ ራሱ እግዜር ነው። ሁለቱም አይጥምም። ግን ጆሮ ያለውን መረጥኩ።

ማታ ልንዘጋ ስንል ጫማዬን አውልቄ ጠረጴዛው ላይ ወጣሁ። ቀረብ ልበል ብዬ መሰለኝ።

«ጌታዬ» አልኩ፣ «ሥራ ያጣ መነኩሴ ቆቡን ቀዶ ይሰፋል ይባላል። አንተ ግን መች ሥራ አጣህ? ከዋክብትህን ጠብቅ፣ ባሕርህን በልኩ ያዝ፣ ካልሲውን ለእኔ ተወው። እጅህን እየነቀፍኩ አይደለም፣ አጠቀላለልህ ከእኔ ይሻላል። ግን ልጄ ትምህርቷን አልጨረሰችም።»

የእህቴ ባል ሳቁን ሊያፍን ሲል ትን አለው። «ማንን ነው የምታናግሪው እትዬ? ጣሪያውን?»

በማግስቱ ጠዋት ከፈትኩ። ካልሲዎቹ ዝብርቅርቃቸው ወጥቶ ጆንያው ውስጥ ናቸው። እልል ልል አፌን ከፍቼ ወደ ማዶ አየሁ። ሸሚዞቹ ሁሉ ተተኩሰው ተሰቅለዋል። የእጅጌያቸው መስመር ቢላዋ ነው።

ሽማግሌው መጡ። ሸሚዞቹን አዩ፣ የእህቴን ባል አዩ፣ ጉሮሯቸውን ጠራረጉ።

«ነገም እንዲህ ሆኖ ካደረ...» ብለው ወጡ።

የእህቴ ባል ቀዝቃዛውን ካውያ ታቀፈ። ከዚያ ወደ እኔ ተጠጋ።

«እትዬ፣ ትናንት ምን ብለሽ ነበር?»

«ጣሪያውን ጠይቀው።»

«አትቀልጂ። ልጆቹስ? እህትሽስ?»

«እህቴን ተዋት። ሥርዓት ራሱን በራሱ ይሠራል አላልክም?»

«ብያለሁ። አንቺ ንገሪልኝ፣ አንቺን ይሰማሻል።»

«የራስህን ራስህ ተናገር። እኔ ሥራ አለብኝ።»

ዙሪያውን ገላመጠና አንድ እግሩን ጠረጴዛው ላይ ሰቀለ።

«ጫማህን!» ብዬ ጮህኩበት።

አወለቀና ወጣ። ጠረጴዛው ተንገዳገደ። አንገቱን ወደ ጣሪያው ሰቀለ፤ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ ግን የለም። በመጨረሻ ስልክ እንዳነሳ ሰው፣

«ሃሎ...» አለ ቀስ ብሎ፣ «ይቅርታ፣ ማን ልበል?»

«ጮክ በል!» አልኩት።