ከቤቱ የተረፈው ሰባት ወር

የይበልጣል ቤት በሦስት ቀን ተገጣጥሞ አለቀ። የተረፈው ሰባት ወር ደግሞ በማግስቱ በአይሱዙ ተጭኖ መጣ።

ይበልጣል ጡረታ የወጣ የመንገድ ሥራ ሾፌር ነው። እሱና ሚስቱ አንጓች ትዳር ከያዙ ጀምሮ የኖሩት በሰው ቤት ነው፤ አከራይ ፊቱን ባጠቆረ ቁጥር ፍራሽ ተሸክሞ መውጣት። በስንት መከራ እንጅባራ ላይ መሬት ሲያገኙ አንጓች ታመመች። ሐኪሙ ይበልጣልን ወደ ጎን ጠርቶ «አደይ አበባ የምታይ አይመስለኝም» አለው። ወሩ ግንቦት ነበር። የእንጅባራን ክረምት የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ዝናቡ አንዴ ከያዘ ምርጊት አይደርቅም። የጭቃ ቤት ቢጀምር አንጓች አትደርስበትም። ስለዚህ ከፋብሪካ ተገጣጣሚ የእንጨት ቤት አዘዘ።

ለቤቱ እንከን አይወጣለትም። ግድግዳው ዝናብ ሳይነካው ፋብሪካ ውስጥ ተሠርቶ፣ በርና መስኮቱ ገብቶለት፣ መሐሉ ብርድ መከላከያ ተጠቅጥቆለት ነው የመጣው። አንዱ ፓነል ከሌላው ሲገጥም በመካከላቸው ምላጭ አያስገባም። ግቢው ውስጥ ፍልጥ አልተረፈ፣ ጉማጅ አልተረፈ፣ የጎበጠ ሚስማር እንኳ አልወደቀ። ውጭ ዶፍ ሲወርድ ውስጥ በነጠላ ይቀመጣሉ።

ሁለተኛው መኪና ሲቆም ይበልጣል የገጣጣሚዎቹን አለቃ፣ መሐንዲሷን ረድኤትን ጠየቃት።

«ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?»

«የተረፈው ጊዜ ነው፣ ጋሼ። በጭቃ ቢሠሩት ሰባት ወር ይፈጅብዎት ነበር። የባለቤቱ ነው፤ እኛ አንወስድም።»

«ምን አደርገዋለሁ?»

«እንዳሻዎት። ብቻ ክፍል ይፈልጋል፤ ሜዳ ላይ አያድርም።»

ጓዳ አስገቡት። ከባድ ስለነበር አራት ጎረምሳ ነው የተሸከመው። ረድኤት በሩን ገጠም አድርጋ፣ «የደስታ ቤት ያድርግላችሁ» ብላ ሄደች።

ይበልጣል አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀመጠ።

«አንጓች፣ ሰባት ወር አለን።»

«የት?»

«ጓዳ።»

«ታዲያ ምን ትቀመጣለህ? ሳይበላሽ አስገባኛ!»

ደግፏት ሲነሱ ሞላልኝ ደጁ ላይ ቆሟል። ሞላልኝ የሰፈሩ የደቦ አባት ነው፤ ቤት ሲሠራ ሰው የሚጠራው፣ ማን ጭቃ እንደሚረግጥ፣ ማን ጭድ እንደሚያቀርብ የሚደለድለው እሱ ነው። ከኋላው ጎረቤቱ ሁሉ አካፋና ባልዲ ይዞ መጥቷል።

«ሳትጠራን ቤት ሠራህ፣ ይበልጣል።»

«ጭቃ የለውም እኮ፣ አያ ሞላልኝ። ምን ሥሩ ብዬ ልጥራችሁ?»

ጥፋቱ እዚህ ላይ ነው። ሥራ ባይኖርም ሰው ይጠራል። ቆሞ ያያል፣ «አይ፣ እንጨቱስ አንድ ዝናብ አይችልም» እያለ ያማል፣ በልቶ መርቆ ይሄዳል። ያልተጠራ ጎረቤት ተንቄያለሁ ነው የሚለው፤ ደግሞም እውነቱን ነው።

«የቸኮለች አፍሳ ለቀመች አሉ» አለ ሞላልኝ። «ለማንኛውም እዚያ ጓዳ ባስቀመጥከው ሰባት ወር ውስጥ የእኛ የደቦ ቀን አለበት። ቀናችንን ልንወስድ ነው የመጣነው።»

ይበልጣል ድንጋይ ተሸክሞ ይቅርታ ሊለምን ግቢውን ዞረ፤ ፋብሪካው ሁሉን ጠርጎ ስለሄደ ድንጋይ የሚባል አጣ። ከሞላልኝ ግቢ ተውሶ መጣና ጫንቃው ላይ አድርጎ ፊታቸው ተንበረከከ።

«አጥፍቻለሁ። ቀኑን ግን አትውሰዱብኝ። አንጓች ልትሞትብኝ ነው።» በሰው ፊት አለቀሰ።

ጎረቤቱ ወደ አጥሩ ጠጋ ብሎ መከረ። ብዙም አልቆዩ።

«አውርድ ድንጋዬን» አለ ሞላልኝ። «ቀናችንን ለአንጓች ሰጥተናል። ነገር ግን ይሄ የምርጊት ቀን ነው። የገባበት ሰው ተኝቶ አይውልበትም፤ ጭቃ ይረግጣል።»

«እረግጣለሁ!» አለች አንጓች። «የራሴ ጭቃ አጥቼ ነው እንጂ!»

ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ የጓዳውን በር ከፈተች። ይበልጣል ሊከተላት ሲል ሞላልኝ ክንዱን ያዘው።

«አንተማ ቤትህን ጨርሰሃል። እዚያ ምን ሥራ አለህ?»

ክረምቱን ይበልጣል ከጓዳው በር ሥር እየተቀመጠ አሳለፈው። ከውስጥ የደቦው የጭቃ ርግጫ ይሰማል፣ ዘፈን ይሰማል፣ አንዳንዴም የአንጓች ሳቅ። ምሳ ሲደርስ በሩን ገርበብ አድርጋ ትቀበለዋለች። ክንዷ እስከ ክርኗ ጭቃ ነው። ጉንጯ ሞልቷል።

«ያምሻል?»

«ለመታመም ጊዜ አለኝ?»

«ቤቱስ የት ደረሰ?»

«ማገሩ አልቋል። በል ምሳውን አቀብለኝ፣ ጭቃው ይደርቅብኛል።»

አደይ አበባ ሲፈነዳ እቅፍ ሙሉ ለቅሞ ሰጣት። አሽትታው፣ ጥቂቱን ፀጉሯ ላይ ሰክታ ተመልሳ ገባች። ይበልጣል ሐኪሙን ረታሁት ብሎ ብቻውን ሳቀ። ቤቱ ይሞቃል፣ ጣሪያው አያፈስም፣ ወለሉ አይንቋቋም፤ እሱ ግን እንዲህ ናፍቋት አያውቅም። ከእሷ ጋር ጭቃ መርገጥ እሱንም ያምረው ነበር።

ታኅሣሥ ላይ ወራቱ ሊያልቅ ሲል አንጓች ምሳ ልትቀበል አልመጣችም። በማግስቱም አልመጣችም። ይበልጣል ያለፈው ትምህርት ሆኖት በዚህ ጊዜ ጎረቤቱን ሁሉ ጠራ። በልተው ሲያበቁ በሩን አንኳኳ። መልስ ሲያጣ ሳበው።

በሩ ተከፈተ፤ መግቢያው ግን ከወለል እስከ ጉበን በጭቃ ተመርጓል። ምርጊቱ ገና እርጥብ ነው፤ መሐሉ ላይ ጣት የምታሾልክ ቀዳዳ ቀርታለች። ከወዲያ በኩል ሰው ተሰብስቧል፤ በጭቃ የተሠራውን ቤት እየመረቁ ነው። የሚመርቀው ድምፅ የሞላልኝ ነው። ከይበልጣል ጎን የቆመው ሞላልኝ ባርኔጣውን አውልቆ ምርቃቱን እስከ መጨረሻው አዳመጠና «አሜን» አለ።

ከዚያ የአንጓች ድምፅ መጣ።

«ይበልጣል!»

ይበልጣል አፉን ሲከፍት ከወዲያ የራሱ ድምፅ ቀደመው።

«አቤት፣ የኔ ዓለም።»

«ይችን ቀዳዳ ድፈናት እስቲ፤ ብርድ ታስገባለች።»

የእግር ኮቴ ወደ ግድግዳው ቀረበ። ጭቃ የያዘ አውራ ጣት በቀዳዳዋ ብቅ አለና ዙሪያውን አለስልሶ ደፈናት። ይበልጣል ጣቱን አወቀው።