የመሪጌታ ቢሻው ቅኔና አዲሱ ዊንዶውስ

ሙሉወርቅ ቢሻው ያን የቤቷን ኮምፒውተር ማስነካት ትፈራ ነበር። ንፋስ መውጫ ከተማ፣ እሷ ሒሳብ በምታስተምርበት ትምህርት ቤት፣ መምህሩ ሁሉ ወደ አዲስ ዊንዶውስ ሲሻገር እሷ ብቻ አሮጌውን ይዛ ቀረች። ማሽኑ ለመነሳት ሲያቃስት ላየው ያሳዝናል። በመጨረሻም የተማሪ ውጤት የሚሞላበት ፕሮግራም በዚህ ዊንዶውስ አልሠራም ብሎ አሻፈረኝ አለ። ያኔ እሷም እጇን ሰጠች።

ፍርሃቷ ያለ ነገር አልነበረም። አባቷ መሪጌታ ቢሻው የቅኔ መምህር ናቸው። ቅኔ ደግሞ የዕለት ነው፤ ባለቅኔው ለዚያው በዓል ይቀኛል፣ ሰው ሰምቶ ያደንቃል፣ በዚያው ያልፋል። እንዲያልፍ ግን ሙሉወርቅ አንጀቷ እሺ አላላትም። እሑድ እሑድ አባቷ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ፣ ገና እህል ሳይቀምሱ፣ ኮምፒውተሩ ፊት ቁጭ ትልና «ዛሬስ ምን አሉ አባቴ?» ትላለች። እሳቸው «ምን ይሠራልሻል?» እያሉ ያጉረመርማሉ፤ እያጉረመረሙም ይሏታል፣ እሷም ትጽፋለች። በአሥራ አምስት ዓመት ውስጥ አራት መቶ ያህል ቅኔ ተጠራቀመ። ወረቀት ላይ አንዱም የለም። ላሳትመው ነው፣ ነገ ነው፣ ከነገ ወዲያ ነው እያለች ዘመኑ ነጎደ። አሁን መሪጌታ ሰማንያን አልፈዋል፣ ዓይናቸውም ከጠፋ አምስት ዓመት ሆነው።

ቅዳሜ ከሰዓት የሥራ ባልደረባዋ ዋሲሁን መጣ። ኮምፒውተር አስተማሪ ነው፤ ሥራውን ያውቃል፣ ማወቁንም አይደብቅም። ፋይሉን በሁለት ፍላሽ ገለበጠና «ይኸው፣ የፋይሉን ስም አየሽው? ፍላሹ ላይ አለ። እንግዲህ እንቅልፍሽን ተኚ» አላት። ከዚያ አሮጌውን ሙልጭ አድርጎ አጠፋና አዲሱን ጫነ። ማሽኑ እንደ ጎረምሳ ፈጥኖ ተነሳ፤ ማያው ጠራ፣ ምስሉ አማረ። ሙሉወርቅ ለዚህ ነበር ይህን ያህል ዓመት የተሠቃየሁት ብላ በራሷ ሳቀች።

ሳቋ ብዙም አልቆየም። ፋይሉን ስትከፍተው የግእዝ ፊደል የሚባል ነገር የለም። የእንግሊዝኛ ፊደል፣ የጥያቄ ምልክት፣ ቅንፍ፣ ጭራና ቀንዱ የማይለይ ቅራቅንቦ ከላይ እስከ ታች ሞልቶታል። ሁለተኛውን ፍላሽ ሰካችው፤ ያው ነው። ዋሲሁን በሌላ ፕሮግራም ከፈተው፤ ያው ነው። «ቫይረስ ይሆን?» አለ ድምፁ ዝቅ ብሎ። ስሙ መኖሩን አየ እንጂ ከማጥፋቱ በፊት ፍላሹን ከፍቶ ውስጡን አላነበበም።  ሙሉወርቅ መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች።

መሪጌታ በረንዳው ላይ ፀሐይ እየሞቁ ነበር። «ምነው ጸጥ አላችሁ?» አሉ።

መደበቅ አልሆነላትም። ወጥታ አጠገባቸው ተቀመጠችና «አባቴ፣ ቅኔዎ ጠፋ። እኔ ነኝ ያጠፋሁት» አለች።

«ኧረ ተይ ልጄ። ቅኔ ጠፋ ተብሎ ይለቀሳል?»

ቢቆጧት በስንት ጣዕሙ ነበር። ምርኩዛቸውን በመዳፋቸው እያሻሹ፣ «የእናትሽም?» ሲሉ ጠየቁ።

እናቷ ወይዘሮ ፋንቱ ካረፉ ሰባት ዓመት ሆኗቸዋል። በአርባቸው ቀን መሪጌታ ሥላሴ የሚባለውን ባለ ስድስት ቤት ቅኔ ተቀኝተውላቸው ነበር። ቤት የሚሉት የቅኔውን ስንኝ ነው።

«የእሷም» አለች ሙሉወርቅ።

«አምስተኛዋ ቤት ጠፍታብኛለች» አሉ። «አራቱን እላለሁ፣ እሷ ላይ ስደርስ ትሰወርብኛለች። ልጠይቅሽ እያልኩ አፈርኩ። የገዛ ቅኔውን የረሳ መምህር እንዳልባል። ካንቺ ዘንድ መኖሯን እያሰብኩ ነበር የምጽናናው።»

ሙሉወርቅ ይህን ስትሰማ ያላለቀሰችው ለአባቷ ስትል ብቻ ነው። እሳቸው ግን ነገሩን ዝም ብለው የሚተዉ ሰው አልነበሩም። ራሳቸውን ወዘወዙና «ጨርሶ ባዶ ነው?» አሉ።

«ባዶስ አይደለም። የማይነበብ ዝብርቅርቅ ነው።»

«መስመሩ አለ?»

«መስመሩ አለ።»

«ግቢና ቁጠሪልኝ። ያን ጊዜ ስንጀምር በቅኔው ዓይነት ተርታ ነው ያልኩሽ፤ እያንዳንዱ ዓይነት የራሱ የቤት ቁጥር አለው። የመጀመሪያው ስንት መስመር ነው?»

ገባችና ቆጠረች። «ሁለት!»

«ጉባኤ ቃና። ቀጥሎ?»

«ሦስት!»

«ዘአምላኪየ። ቀጥሎ?»

«ሦስት! ከዚያ አምስት! ከዚያ ስድስት!»

«ሚበዝኁ፣ ዋዜማ፣ ሥላሴ።» መሪጌታ ከተቀመጡበት ተነሱ። «ታዲያ ምኑ ጠፋ? የሚያጠፋ ነገር የቅኔን ሥርዓት ጠብቆ አያጠፋም። ሁሉም በየቦታው አለ፤ እናንተ ማንበብ አቅቷችሁ ነው እንጂ።»

ሒሳብ አስተማሪዋ ቁጥር ከቅኔ መምህር ተማረች ማለት ነው። ዋሲሁን ግንባሩን በመዳፉ መታ። «ፎንቱ! የኔታ፣ ይማሩኝ፤ ፎንቱን ረስቼ!» አለ። ነገሩን ለሙሉወርቅ አስረዳት። ቅኔው የተጻፈበት የድሮ የአማርኛ ፕሮግራም ከውስጥ የእንግሊዝኛ ፊደል እያስቀመጠ፣ ከላይ የግእዝ መልክ የሚሰጥ ነበር። መልኩን የሚሰጠው ፎንት ከአሮጌው ዊንዶውስ ጋር አብሮ ጠፍቷል። እሱ ደግሞ እንዲህ ያለውን ነገር በስም እንጂ በዓይኑ አይቶት አያውቅም። ትምህርት ቤቱ ግን ድሮ ፈተና ይጻፍበት የነበረ አሮጌ ማሽን አለው፤ ቁልፉም ዋሲሁን ኪስ ውስጥ ነው። ጫማውን በቅጡ ሳያስር በባጃጅ ተፈተለከ።

ያች ግማሽ ሰዓት ለሙሉወርቅ ግማሽ ዓመት ሆነች። ኪዳነ ምሕረትን ስንት ስለት እንደተሳለችላት እሷና ኪዳነ ምሕረት ያውቃሉ። ዋሲሁን እያለከለከ ተመለሰ፣ ፎንቱን ጫነ፣ ፋይሉን ከፈተ። ፊደሉ ከነነቁጡ ገጹን ሞላው። ሙሉወርቅ እልልታዋን አቀለጠችው፤ ጎረቤት ምን ተወለደ ብሎ ብቅ አለ።  ዋሲሁንን አቀፈችው፤ እሱም ያለ ኩራት ታቀፈ።

«በይ እንግዲህ» አሉ መሪጌታ በር ላይ ቆመው።

የትኛውን እንደሚሉ መጠየቅ አላስፈለጋትም። የእናቷን ፈልጋ አገኘችና ቀስ ብላ ማንበብ ጀመረች። አራተኛው ቤት ላይ እጃቸውን ቀና አድርገው አስቆሟት። አምስተኛዋን ራሳቸው ሊሏት ሞከሩ፣ ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ፣ አልመጣላቸውም። በእጃቸው ቀጥይ አሏት። አምስተኛዋን አነበበችላቸው።

 መሪጌታ ስድስቱንም ቤት ከመጀመሪያው አንስተው፣ አንድም ቦታ ሳይደናቀፉ፣ በዜማ አወረዱት። የማያየው ዓይናቸው በእንባ ሞላ። ሙሉወርቅ እጃቸውን ይዛ ወንበሩ ላይ አስቀመጠቻቸው።

«እንግዲህ ብሞትም» አሉ፣ «ጎደሎ ይዤ እናትሽ ዘንድ አልሄድም።»